ሁለት ቀለበት ያደረገ ሰው እጥፍ ይጠበቃልን?

አንባቢዎቼ ሆይ! በሐምሌ ዝናብ ሁለት ጃንጥላ ደራርቦ ይዞ የሚሄድ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? መሳቃችሁ አይቀርም። የላይኛው ጃንጥላ ዝናቡን ከከለከለው ለታችኛው የሚተርፍ ሥራ የለምና። ዳሩ ግን ያው ሰው አንድ ጃንጥላ ይዞ፣ የዝናብ ካፖርት ደርቦ፣ ቦቲ ጫማ ተጫምቶ ቢመጣ ማንም አይስቅበትም፤ ጠንቃቃ ሰው ነው ይባላል እንጂ። ሦስቱም የዝናብ መከላከያ ሲሆኑ አንደኛው ከላይ፣ ሁለተኛው ከጎን፣ ሦስተኛው ከእግር ሥር የሚመጣውን ውሃ ስለሚመክቱ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሻማም።

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ስለ ክረምት ልብስ ለመምከር አይደለም። ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን የምንጫወተው አንድ የጠረጴዛ ጨዋታ አለ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከጭራቁና ከዘንዶው ይልቅ ሰውን ከሰው ሲያጣላ ያየሁት ይኸው የሁለት ጃንጥላ ጉዳይ ነው። ነገሩን ቀረብ ብዬ ባየሁት ቁጥር ደግሞ ከተራ የጨዋታ ጠብ ይልቅ ብዙ ሒሳብና ብዙ አስተሳሰብ ያለበት ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ዛሬ ዓምዴን ለእርሱ ለቅቄለታለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቁት በቅድሚያ ባጭሩ ላስረዳ። ስሙ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል፤ በአማርኛ «የምድር ቤት ወኅኒዎችና ዘንዶዎች» ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። በ1974 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሌክ ጄኔቫ ከተማ የነበረ ቲ.ኤስ.አር. የተባለ ትንሽ ድርጅት በሦስት ቀጫጭን መጽሐፎች አሳትሞ በአንድ ሣጥን ሸጠው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አራት ወይም አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል። አንዱ መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን የሚተርከው፣ ጭራቆቹን የሚያንቀሳቅሰው፣ ክርክር ሲነሣ የሚፈርደው እርሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በወረቀት ላይ የጻፉት አንድ ሰው አላቸው፤ ወታደር፣ ወይም አስማተኛ፣ ወይም ሌባ። ሰዎቹ ወደ ዋሻ ይገባሉ፣ ይዋጋሉ፣ ከተረፉ ሀብት ይዘው ይወጣሉ። ያልተረፈውን ባለቤቱ ወረቀቱን ቀድዶ አዲስ ሰው ይጽፋል።

የውጊያው ሥርዓት ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው የመከላከያ ቁጥር አለው። አጥቂው ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወረውራል፣ በወጣው ቁጥር ላይ የራሱን የውጊያ ችሎታ ይጨምራል፤ ድምሩ የመከላከያውን ቁጥር ካከለ ወይም ከበለጠ መታ፣ ካነሰ ሳተ። በጥንቶቹ መጻሕፍት ቁጥሩ የሚቆጠረው ወደታች ነበር፤ ያነሰ ቁጥር ያለው የተሻለ ይጠበቃል። በ2000 የታተመው ሦስተኛው እትም ግን ገልብጦ እንዲህ አቀናው፤ እኔም በዚህ መንገድ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ። ሰውየው ከዋሻ ውስጥ የመከላከያ ቁጥሩን በአንድ የሚጨምር የአስማት ቀለበት አገኘ እንበል። ደስ ብሎት አጠለቀው። በሚቀጥለው ዋሻ ልክ እንደዚያው ያለ ሌላ ቀለበት አገኘ። እጆቹ ሁለት ናቸው፣ ጣቶቹም አሥር። ሁለተኛውን ሲያጠልቅ ጭማሪው ሁለት ይሆናልን? በአሥሩም ጣት ቢያደርግስ?

ተጫዋቹ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ይከራከራል። መሪው ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብሎ ሊመልስለት ይችላል። ሁለቱም የአባቶች ቃል ናቸው፤ ግን አንድ ነገር አይናገሩም። የመጀመሪያው ደካሞች ሲተባበሩ ኃይላቸው እንደሚደመር ያስተምራል። ሁለተኛው ግን ተጠባባቂ አዘጋጅ ነው የሚለው፤ ሁለት ባላ የተከለ ሰው የሚንጠለጠለው በአንዱ ነው፣ ሌላው የፊተኛው እስኪሰበር ቆሞ ይጠብቃል። እንግዲህ የክርክሩ ሥር ይኸ ነው። የትኛው ዕቃ እንደ ድር ይቆጠራል? የትኛውስ እንደ ባላ?

የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ አልነበራቸውም። የየዕቃውን ጠባይ በየቦታው ይደነግጉ ነበር፤ አንዳንዱ ድንጋጌ ዛሬ ሲያነቡት ያስገርማል። በ1974ቱ መጽሐፍ የአስማት ጥሩር የለበሰና የአስማት ጋሻ የያዘ ሰው የሁለቱን ጭማሪ ደምሮ አይወስድም። የጋሻው ጭማሪ ከጥሩሩ የበለጠ እንደሆነ ብቻ፣ ምቱ በጋሻው ላይ የማረፍ ከሦስት አንድ ዕድል አለው ይላል፤ ያን ጊዜ የጋሻው ብልጫ ይታሰባል። ነገሩን በዓይነ ኅሊናችሁ ብታዩት ውሸት አይደለም፤ ሰይፍ አንዳንዴ ጋሻ ያገኛል፣ አንዳንዴ ደረት። ነገር ግን በእያንዳንዱ ምት አንድ ተጨማሪ ዳይስ መወርወር ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የተጫወተ ሰው ብቻ ነው።

በ1979 ጋይጋክስ ለመሪዎች ያሳተመው ትልቁ መጽሐፍ ደግሞ ስለ ቀለበቱ ቁርጥ ያለ ቃል ተናገረ። በአንድ ሰው ላይ ብዙ የመጠበቂያ ቀለበቶች ቢኖሩ ኃይላቸው አይደራረብም፤ የሚሠራው ከሁሉ የበረታው አንዱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቀለበቱ የመከላከያውን ቁጥር የሚጨምረው የአስማት ጥሩር ላልለበሰ ሰው ነው። ሁለት ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ እንግዲህ ፍርዱን ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ለአንዲት ነጥብ ነውን?» ሳይል አይቀርም። በወረቀት ላይ ላለ ሰው አንድ ቁጥር ቢጨመር ማን ይጎዳል? ከዚህ በታች ያለውን ሒሳብ ካያችሁ በኋላ ግን የአንዲቱ ነጥብ ክብደት ይታያችኋል። በክፍል ውስጥ ዕድልን የሚመለከት ትምህርት ሲነሣ ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ የምወደው ምሳሌ ይህ ነው።

አንድ ወታደር እንውሰድ፤ ስሙ አባ ጥሩር ይሁን። ሕጉ የሦስተኛው እትም ነው። መነሻው ለሁሉም ሰው 10 ነው። ከአናት እስከ እግር የሚሸፍን የብረት ጥሩር ለብሷል፣ 8 ይጨምርለታል። ትልቅ ጋሻ ይዟል፣ 2። የሰውነቱ ቅልጥፍና 1። ድምሩ 21 ነው። የሚዋጋው ጭራቅ የችሎታ ጭማሪው 10 ነው እንበል። ጭራቁ አባ ጥሩርን ለመምታት ዳይሱ ላይ 11 ወይም ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት፤ ይኸውም ከሃያው ገጽ አሥሩ ነው፣ ግማሽ በግማሽ። አባ ጥሩር አንድ ነጥብ ቢያገኝ፣ 22 ቢሆን፣ ጭራቁን የሚያገለግሉት ገጾች ዘጠኝ ይሆናሉ። ቀድሞ አሥር ጊዜ ይመታ የነበረው አሁን ዘጠኝ ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ተአምር አይደለም።

አሁን ነጥቡን እያከማቸን እንሂድ። በ26 ላይ የሚመቱት ገጾች አምስት ናቸው። በ29 ሁለት። ከዚያ አንዲት ነጥብ ጨምሩና 30 አድርጉት፤ የቀረው ገጽ አንድ ብቻ ነው። ከሁለት ወደ አንድ! ያችው አንዲት ነጥብ በመጀመሪያ የምቱን ዐሥረኛ ብቻ የቀነሰችው፣ በመጨረሻ ግማሹን ቀነሰችው። ነጥቧ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ከሥሯ የተከመረው ነው። ከ30 በኋላ ደግሞ ሃያ የወጣለት አጥቂ ምንጊዜም ይመታል የሚል ሕግ ስላለ፣ መቶ ቀለበት ቢያደርጉ ለዚህ ጭራቅ ለውጥ አያመጣም። እንግዲህ የመደራረብ ጥቅም እንደ ደመወዝ ጭማሪ በእኩል ደረጃ የሚወጣ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ያዘግማል፣ መጨረሻ ላይ ይዘልላል፣ ከዚያም በድንገት ግድግዳ ያገኛል።

ይህ ለአባ ጥሩር ባለቤት የምሥራች ነው። ለተቀሩት ባልንጀሮቹ ግን መርዶ ነው፤ እኔም ይህን ዓምድ እንድጽፍ የገፋፋኝ ይህኛው ገጽታ ነው። መሪው ምን ያደርጋል? አባ ጥሩር 30 ደርሶ ማንም የማይነካው ከሆነ ውጊያው ሁሉ ፍራቻ የሌለበት የቢሮ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ መሪው ለአባ ጥሩር የሚመጥን ጭራቅ ይፈልጋል፤ ችሎታው 19 የሆነ፣ እንደገና በ11 የሚመታው። ዳሩ ግን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ብቻ የለበሰ አስማተኛ የያዘ ሌላ ተጫዋች አለ፤ የመከላከያ ቁጥሩ 14 ነው። አዲሱ ጭራቅ ወደ እርሱ ቢዞር ዳይሱ ላይ 1 ካልወጣ በቀር አይስተውም። ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ! አንዱ ሰው በደራረበው ቀለበት የሚሞተው ሌላው ሆነ ማለት ነው። ስንት የእሑድ ማኅበር በዚህ ምክንያት እንደ ፈረሰ ቤት ይቁጠረው። አንዱ ይሰለቻል፣ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይኮራል፣ መሪው ደግሞ ከሁሉም ይወቀሳል።

ይህን ሁኔታ መልክ ለማስያዝ የተሞከረው ትልቁ ሙከራ የ2000ው ሦስተኛው እትም ነው። ቲ.ኤስ.አር.ን በ1997 የገዛው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለው ድርጅት ሥራውን ለሦስት ሰዎች ሰጠ፤ ለጆናታን ትዊት፣ ለሞንቲ ኩክና ለስኪፕ ዊሊያምስ። ሦስተኛው ሰው ለብዙ ዓመታት «ድራጎን» በተባለው መጽሔት የተጫዋቾችን የሕግ ጥያቄ እየተቀበለ መልስ ይሰጥ የነበረ ነው። «ይህ ከዚያ ጋር ይደረባልን?» የሚል ደብዳቤ ስንት እንደ ደረሰው መገመት አያዳግትም። እንግዲህ ሕጉን ሲጽፍ የጠያቂዎቹ ድምፅ በጆሮው ሳይሰማው አልቀረም።

መፍትሔያቸው ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ጭማሪ የዓይነት ስም ሰጡት። ጥሩር የሚሰጠው የጥሩር ጭማሪ ነው፤ ጋሻ የሚሰጠው የጋሻ ጭማሪ። የመጠበቂያ ቀለበት የሚሰጠው ምቱን የማስቀየስ ጭማሪ ይባላል። የአንገት ክታብ የሚሰጠው ቆዳን የማጠንከር ጭማሪ ነው። የዕድል፣ የማስተዋል፣ የወኔ፣ የችሎታ ጭማሪዎች አሉ፤ ሌሎችም አሉ። ከዚያ በኋላ አንዲት አጭር ሕግ ሁሉን ትገዛለች፤ ዓይነታቸው የተለያየ ይደረባል፣ ዓይነታቸው አንድ የሆነ አይደረብም፣ ከበዛው በቀር። ጃንጥላና ጃንጥላ አይደረብም፣ ጃንጥላና ካፖርት ግን ይደረባል። ከዚህ ሕግ ውጪ የሆኑት ጥቂት ናቸው። ከምት ዘወር የማለት ጭማሪ ከራሱ ዓይነት ጋር ይደረባል፣ ከልዩ ልዩ ሁናቴ የሚመጣውም እንዲሁ፤ ስም ያልተሰጠውም ጭማሪ ከሁሉ ጋር ይደረባል። ቅጣት የሆነ እንደሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ገደብ ይደራረባል። (ይህን የመጨረሻውን ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።)

ቀለበት በጥሩር ላይ ቢደረብ ለምን እንደተፈቀደ አሁን ይገባችኋል። ቀለበቱ ሰይፉን በአየር ላይ ያስቀይሰዋል፣ ጥሩሩ የደረሰውን ይመክታል፣ ክታቡ ያለፈውን በቆዳው ላይ ያቆመዋል። ከዝናቡ ምሳሌ ጋር አንድ ነው። በተቃራኒው በክንድ ላይ የሚታሰሩ የአስማት አምባሮች አሉ፤ እነርሱ የሚሰጡት ያንኑ የጥሩር ጭማሪ ስለሆነ ጥሩር ለለበሰ ሰው ትርፋቸው የለም፣ ከጥሩሩ ካልበለጡ በቀር። የተሠሩትም ጥሩር ለማይለብሱት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ጨዋታ ታሪክ ከተጻፉት ሕጎች ሁሉ ምክንያቱን በግልጽ የሚያሳይ ይህኛው ነው። ሌሎቹ «አይሆንም» ይላሉ፤ ይኸኛው «ለምን አይሆንም» ለሚለውም መልስ አለው።

ነገር ግን ሕግ አውጪው ያላሰበው አንድ ቀዳዳ በዋጋው በኩል ተከፈተ። በዚያ እትም የአስማት ዕቃ የወርቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም የጭማሪው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ነው የሚወጣው። የቀለበቱን ብትመለከቱ፣ 1 የሚጨምረው 2,000 ወርቅ፣ 2 የሚጨምረው 8,000፣ 3 የሚጨምረው 18,000፣ 4 የሚጨምረው 32,000፣ 5 የሚጨምረው 50,000 ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ትልቅ ኃይል የፈለገ ብዙ ይክፈል ማለት ነው። ዳሩ ግን ብልህ ተጫዋች ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ እንዲህ ይላል። ጥሩሬን በ1 ላስደግም፣ 1,000 ወርቅ። ጋሻዬን በ1፣ 1,000። ቀለበት በ1፣ 2,000። ክታብ በ1፣ 2,000። በራስ ዙሪያ እየተሽከረከረች የማስተዋል ጭማሪ የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ድንጋይ አለች፣ በ1፣ 5,000። ከጥሩሩና ከጋሻው ከራሳቸው ዋጋ ሌላ ጠቅላላ ወጪው 11,000 ወርቅ፤ ያገኘው ደግሞ 5 ነጥብ። ያንኑ 5 ነጥብ በአንድ ቀለበት የገዛው ጅል 50,000 ከፍሏል!

ስለዚህ ያ ዘመን የብዙ ትናንሽ ዕቃ ዘመን ሆነ። ሰውየው ከአናቱ እስከ ጫማው፣ በአንገቱ፣ በወገቡ፣ በሁለት ጣቱ፣ በየአንጓው አንድ አንድ የሚያበራ ነገር ያንጠለጠለ ሆኖ ቀረ። አሜሪካኖቹ «የገና ዛፍ» ብለው ቀለዱበት። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ውጊያ በተነሣ ቁጥር ተጫዋቹ የዓይነት ዝርዝሩን አውጥቶ «ይኸ የወኔ ነው፣ ይኸ የዕድል ነው፣ ካህኑ የመረቀኝም የወኔ ስለሆነ ከፊተኛው ጋር አይደረብም» እያለ እንደ ሒሳብ ሹም ሲቆጥር ዘንዶው ቆሞ ይጠብቃል። ሕጉ እውነተኛ ነበር፤ ዘንዶውን ግን አሰልችቶታል።

በ2008 የወጣውን አራተኛ እትም አልፈዋለሁ፤ እርሱም ዓይነት እየሰየመ ነው የቀጠለው። በ2014 የታተመው አምስተኛው እትም ግን መንገዱን ለወጠ። የዓይነቱን ዝርዝር ጥሎ ብርቱ ብርቱውን ዕቃ ለማሠራት ሰውየው ከዕቃው ጋር መዋሐድ አለበት አለ፤ የሚዋሐደውም ከሦስት ዕቃ ጋር ብቻ ነው። ቀለበቱ አንድ ቦታ ይወስዳል፣ የመጠበቂያው ካባ አንድ ቦታ ይወስዳል። ስማቸው የተለያየ ስለሆነ ሁለቱ ይደረባሉ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ቀለበት ግን አሁንም አይደረብም። አራተኛውን ዕቃ የወደደ ሰው ከሦስቱ አንዱን መተው ግድ ነው። ተጫዋቹ ከመደመር ይልቅ መምረጥ ተማረ ማለት ነው፤ ይህን እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ይኸው እትም ለተደራራቢ ዕድልም ልጓም አበጀለት። አንድ ሰው በጨለማ ተደብቆ ሲወጋ፣ ወይም ጠላቱ መሬት ላይ ወድቆ ሲያገኘው፣ ሁለት ዳይስ ወርውሮ የበለጠውን ይወስዳል። ግማሽ በግማሽ የነበረው ዕድል በዚህ ከመቶ 75 ይሆናል። ሁለቱም ምክንያት ባንድ ጊዜ ቢገኝለትስ? ሦስት ዳይስ ቢሆን ከመቶ 87 ተኩል በደረሰ ነበር። ሕጉ ግን ሁለት ዳይስ ብቻ ይላል፤ ምክንያቱ አሥር ቢሆን እንኳ። እንዲያውም በአንጻሩ አንዲት መሰናክል ብትገኝበት አሥሩም ምክንያት ይሻራል። መጀመሪያ ሳነበው ግፍ መሰለኝ። ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ ስንት ክርክር እንደ ቆረጠ ካየሁ በኋላ ሐሳቤን ለውጫለሁ።

አምስተኛውም እትም ግን ቀዳዳ አላጣም። ተራ ጭማሪ ያላቸው የአስማት ጥሩርና ጋሻ ውሕደት አይፈልጉም። ሙሉ የብረት ጥሩር 18፣ ጋሻ 2፣ ይህ 20 ነው፤ ሁለቱም በ3 ቢጠነክሩ 26። ቀለበትና ካባ ተጨምረው 28፤ ከሦስቱ የውሕደት ቦታዎች ደግሞ አንዱ ገና ባዶ ነው። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ የውጊያ ጭማሪው 4 ስለሆነ አስማት የሌለውን 20 ከመቶ 25 ጊዜ ይመታል፤ መቶ ጎብሊን ከመጣ ታላቅ ወታደር እንኳ ሊሸሽ ይገባዋል። ከ28 ጋር ግን ሃያ ካልወጣለት አይሆንለትም። በ2014ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ያለው አሮጌው ቀይ ዘንዶ ደግሞ ጭማሪው 17 ነው፤ 28ን በ11 ይመታዋል። ስለዚህ ጎብሊኑን የናቀ ሰው ዘንዶውን እንዳይንቅ ይህ በቂ ነው። መሪ የሆናችሁ ግን በ3 የሚጨምር ጥሩርና ጋሻ ለአንድ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ።

ስለ ኃይል ጭማሪም አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላልና። በአምስተኛው እትም «የጭራቅ ጉልበት ጓንት» የሚባለው የሰውየውን ጉልበት 19 ያደርገዋል። የግዙፎች ቀበቶ ከሚባሉት ዝቅተኛው ደግሞ 21 ያደርገዋል። ሁለቱን ያደረገ ስንት ይሆናል? 21 ነው። ጓንቱ «ጨምር» አይልምና፤ «19 ይሁን» ነው የሚለው። ከመደመርና ከመወሰን መካከል ያለውን ልዩነት ያልለየ ሰው ዕቃ ሲያከማች ይኖራል፣ አንዲት ነጥብ ግን አያገኝም።

ደግነቱ ለዚህም አንድ ታላቅ ልዩ ሁኔታ አለ። የነጎድጓድ መዶሻ የሚባል መሣሪያ ከ1979ኙ መጽሐፍ ጀምሮ ይገኛል፤ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው ጓንቱንም ቀበቶውንም ላደረገ ሰው ነው። በ2014ቱ እትም ሁለቱን ያደረገ ሰው ከመዶሻው ጋር ሲዋሐድ ጉልበቱ በ4 ይጨምራል፤ 21 የነበረው 25 ይሆናል፣ ከ30 ግን አያልፍም። ሦስቱንም የውሕደት ቦታዎች ይበላበታል፤ ቀለበትም ካባም አይኖረውም። ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የሰሜን አውሮፓን ተረት ማየት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በጻፈው «ኤዳ» ውስጥ ቶር የተባለው የነጎድጓድ አምላክ ሦስት ውድ ዕቃዎች አሉት፤ መዶሻ፣ መዶሻውን የሚይዝበት የብረት ጓንት፣ ሲታጠቀው ጉልበቱን እጥፍ የሚያደርግለት ቀበቶ። የጨዋታው ደራሲዎች የከለከሉትን መደራረብ እዚህ ላይ የፈቀዱት ተረቱ ራሱ ሦስቱን አንድ ላይ ስላስቀመጣቸው ነው። እኔም መሪ ብሆን አንድ ታሪክ ያላቸውን ዕቃዎች እንዲህ አደርጋቸዋለሁ፤ በገበያ የተለቃቀሙትን ግን አይሆንም።

ዓይነት መቁጠር የምትወዱ፣ ግን የሦስተኛው እትም ዝርዝር የሚያደክማችሁ ብትሆኑ፣ በ2019 የታተመውን ሁለተኛውን «ፓዝፋይንደር» ተመልከቱ፤ ፓይዞ የተባለ ድርጅት የሚያሳትመው ነው። የጭማሪውን ዓይነት ወደ ሦስት ብቻ አሳጥሮታል፤ ከሁናቴ የሚመጣ፣ ከዕቃ የሚመጣ፣ በሰውየው ላይ ካደረ አስማት የሚመጣ። ከየዓይነቱ የበዛውን አንዱን ትወስዳላችሁ፣ አለቀ። ለተማሪ ኪስ ደግሞ መልካም ወሬ አለ። የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግ በጥር 2023 ለማንም ሰው በነፃ እንዲባዛ ተለቅቋል፤ የሦስተኛውም እትም መሠረታዊ ሕግ ከ2000 ጀምሮ እንዲሁ በነፃ ይገኛል። መጽሐፍ ሳትገዙ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ ጥቂትም ዳይስ ይዛችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

ስትጀምሩ ግን ቀለበቱ ከመገኘቱ በፊት ሕጉን ተስማሙበት። ቀለበቱ ከተገኘ በኋላ የሚወጣ ሕግ ሁሉ፣ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ባለ ቀለበቱን የሚያስቀይም ነው።

እስከዚያው የሚከተለውን ሒሳብ በሦስተኛው እትም ሕግ ሥሩልኝ። አንድ ሰው መነሻው 10 ነው፣ ቅልጥፍናው ምንም አይጨምርም። 4 የሚሰጥ የሰንሰለት ጥሩር ለብሷል፤ ጥሩሩም በአስማት በ1 ጠንክሯል። በክንዶቹ 6 የሚሰጡ የአስማት አምባሮች አስሯል። በቀኝ እጁ በ1፣ በግራ እጁ በ2 የሚጨምሩ የመጠበቂያ ቀለበቶች አድርጓል። በአንገቱ በ1 ቆዳ የሚያጠነክር ክታብ፣ በእጁም አስማት የሌለው፣ 2 የሚሰጥ ጋሻ አለው። የመከላከያ ቁጥሩ ስንት ነው? መልሱን በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ። 27 ብላችሁ የምትጽፉልኝን ግን ከወዲሁ አውቃችኋለሁ፤ ሁለት ጃንጥላ የምትይዙት እናንተ ናችሁ።